ፊደል የሚስል ቺፕ ከሶዶ

እ.ኤ.አ. በ1981 አይቢኤም ፒሲ ለገበያ ሲቀርብ ገዢው ከሁለት የስክሪን ካርዶች አንዱን መምረጥ ነበረበት። አንደኛው ጥርት ያለ ጽሑፍ ያወጣል፤ ነገር ግን ፋብሪካው ከቀረጸለት ፊደላት ውጪ ምንም አያውቅም። ሁለተኛው ነጥብ በነጥብ ሥዕል ይስላል፤ ነጥቦቹ ግን ጥቂትና ወፍራም ስለሆኑ ጽሑፉ ዓይን ያደክማል። ቫን ሱዋናኩል የተባለ ታይላንዳዊ የዶክትሬት ጥናቱን በታይ ፊደል ለመሥራት ፈልጎ ሁለቱም አልሆኑለትም። ስለዚህ የራሱን ካርድ ሠራ። በ1982 ከኬቨን ጄንኪንስ ጋር ሆኖ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሄርኩለስ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። ካርዱ ወደ ጎን 720፣ ወደ ታች 348 ነጥብ ያሳይ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ትልልቆቹ የሶፍትዌር ኩባንያዎች ሳይቀሩ ፕሮግራማቸውን ለሄርኩለስ እንዲስማማ አድርገው መጻፍ ጀመሩ።

ይህን ታሪክ ከፊት ያስቀደምኩት ስለ ግራፊክስ ቺፕ ሲወራ ሐሳባችን ወዲያው ወደ ጌምና ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለሚሮጥ ነው። በፒሲ ታሪክ ውስጥ ዝነኛ ከሆኑት ካርዶች አንዱ የተወለደው ግን አንድ ሰው የአገሩን ፊደል ስክሪን ላይ ማየት ስለፈለገ ነው። ወላይታ ሶዶ ላይ ሆኖ ነፃ፣ ማለትም ንድፉ ለሁሉም ክፍት የሆነ የግራፊክስ ሃርድዌር መንደፍ ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚጀምረው ከዚሁ ቦታ ይመስለኛል።

ሶዶ ዳሞታ ተራራ ሥር የምትገኝ የዞን ከተማ ናት፤ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ሲመሠረት ደግሞ የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ሆናለች። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪ ይቀበላል፤ ኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግም ያስተምራል። በከተማዋ ሁለት የጽሕፈት ሥርዓቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አማርኛው በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፤ ወላይትኛው ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በላቲን ፊደል ይጻፋል። ይህ ነገር ወደ በኋላ ቁም ነገር ይሆናል፤ ለጊዜው እዚህ ላይ ይቆየን።

አስቀድሞ አንድ የግራፊክስ ቺፕ በትንሹ ምን መሥራት እንዳለበት እንይ። ስክሪን የራሱ ትውስታ የለውም፤ ያየውን ወዲያው ይረሳል። ስለዚህ ሥዕሉን በየሰከንዱ 60 ጊዜ፣ ከላይ ግራ ጥግ ተነስቶ መስመር በመስመር የሚነግረው አካል ያስፈልገዋል። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ቪጂኤ የተባለው መስፈርት ይህን በቁጥር አስቀምጦታል። የሚታየው 640 በ480 ነጥብ ነው። ነገር ግን ከእያንዳንዱ መስመር በኋላ ስክሪኑ ወደ ግራ እንዲመለስ፣ ከእያንዳንዱ ሥዕል በኋላም ወደ ላይ እንዲመለስ ጊዜ ይሰጠዋል። ይህ ባዶ ጊዜ ሲደመር አንድ ሥዕል 800 በ525፣ ማለትም 420,000 የሰዓት ምት ይፈጃል። በሰከንድ 60 ጊዜ ሲባዛ 25 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ኦፊሴላዊው ቁጥር 25.175 ሜጋኸርትዝ ነው። አንድ ነጥብ ወደ 40 ናኖሰከንድ ያገኛል ማለት ነው።

ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ሰርኪዩት በጣም ትንሽ ነው። ሁለት ቆጣሪዎች ይበቃሉ፤ አንዱ እስከ 800፣ ሌላው እስከ 525 ይቆጥራል። በመስመሩ ላይ ከሚታየው 640 በኋላ 16 ምት ይጠብቃል፣ ለ96 ምት የመመለሻ ምልክት ይልካል፣ ከዚያ 48 ምት ጠብቆ አዲስ መስመር ይጀምራል። ቀለሙን ወደ ሞኒተሩ ለማድረስ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንድ አንድ 270 ኦም ሬዚስተር መበየድ ይበቃል፤ የሞኒተሩ ውስጣዊ 75 ኦም ከዚያ ጋር ተዳምሮ 3.3 ቮልቱን ሞኒተሩ ወደሚፈልገው 0.7 ቮልት ያወርደዋል። ስምንት ቀለም በሦስት ሬዚስተር! ቪጂኤ ሶኬት ያለው አሮጌ ሞኒተር ደግሞ ከየቢሮው የዕቃ ግምጃ ቤት አይጠፋም። ቬሪሎግ የተባለውን የሰርኪዩት መጻፊያ ቋንቋ የተማረ ተማሪ ይህን ክፍል ሠርቶ ስክሪን ላይ ቀለም ለማየት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

ችግሩ የሚመጣው ቀጥሎ ነው፤ የችግሩም ስም ሜሞሪ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ምን ቀለም እንደሆነ የሆነ ቦታ መጻፍ አለበት። 640 በ480 ነጥብ፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ 38,400 ባይት ይይዛል። ሙሉ ቀለም ከሆነ 921,600 ባይት ነው፤ ይህንንም በሰከንድ 60 ጊዜ ማንበብ ግድ ስለሆነ ምንም አዲስ ነገር ሳይሳል፣ የቆመ ሥዕል ለማሳየት ብቻ በሰከንድ 55 ሜጋባይት ይፈሳል። ዛሬ በተለመደው 1920 በ1080 ስክሪን ላይ ደግሞ ለአንድ ነጥብ አራት ባይት ብንቆጥር ፍሰቱ በሰከንድ 500 ሜጋባይት ገደማ ይደርሳል። የግራፊክስ ሃርድዌር ንድፍ ሲጀመርም ሲያልቅም ትግሉ ከሜሞሪ ጋር ነው። የስሌቱ ክፍል ከዚያ አንጻር ቀላል ነው።

እንግዲህ በእጅ ሊገባ የሚችለውን ቺፕ እንውሰድ። ኤፍፒጂኤ የሚባለው ቺፕ ፋብሪካ ከወጣ በኋላ ውስጡ እንደ አዲስ የሚገጣጠም ነው፤ ተማሪው የጻፈው ንድፍ ሲጫንበት ያንን ንድፍ ይሆናል። ላቲስ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው አይስ40 ኤችኤክስ8ኬ 7,680 የሎጂክ ክፍሎችና 32 የሜሞሪ ክፍልፋዮች አሉት። እያንዳንዱ ክፍልፋይ 512 ባይት ይይዛል፤ በጠቅላላው 16,384 ባይት ነው። ትልቅ ቺፕ አይደለም። ዋጋው ግን ሌላ ቦታ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2015 ክሌር ዎልፍ የመራችው ፕሮጀክት አይስስቶርም የዚህን ቺፕ የውስጥ አሠራር ፈትቶ ይፋ አወጣው። ከዚያ ወዲህ ከንድፍ ጽሑፍ እስከ ቺፑ ድረስ ያለው መንገድ በሙሉ በነፃ ሶፍትዌር ይሄዳል። የፈቃድ ቁልፍ የለም፣ በየዓመቱ የሚታደስ ክፍያ የለም፣ ፕሮግራሞቹም አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሠራሉ። አንዴ በፍላሽ የመጣ ፕሮግራም ኢንተርኔት ሳይኖርም ያገለግላል።

በዚህ ቺፕ ውስጥ ሙሉ ስክሪን በነጥብ አይገባም፤ 38,400 ከ16,384 በእጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ወደ ቀደሙት መሐንዲሶች ዘዴ እንመለሳለን። ነጥቦቹን ማስቀመጥ ትተን ፊደላቱን እናስቀምጣለን፤ ስክሪኑን በአራት ማዕዘን ክፍሎች እንከፍለዋለን፣ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ የትኛው ፊደል እንዳለ ብቻ እንጽፋለን፣ የፊደሉ ቅርጽ ደግሞ ከአንድ የቅርጽ ሠንጠረዥ እየተነበበ በዚያው ቅጽበት ይሳላል።

ፈረንጆቹ ለአንድ ፊደል 8 በ16 ነጥብ ይበቃቸው ነበር። ለእኛ አይበቃም። ጠ ሦስት እግር አላት፤ ሦስት እግርና በመካከላቸው ሁለት ክፍተት በትንሹ አምስት ነጥብ ይወስዳል። ይህ ብቻ ቢሆን በስምንት ይገባ ነበር። ግን ጢና ጤን መለየት አለብን፤ ጪና ጬንም እንዲሁ። የእግሩ መታጠፊያና ቀለበቱ ቦታ ሲፈልጉ ስምንት ነጥብ ይጨናነቃል፣ አንባቢውም ሣልስና ኃምሱን መገመት ይጀምራል። ወርዱን 16 ብናደርገው እግሮቹ ሁለት ሁለት ነጥብ ወፍረው፣ ክፍተቶቹ ሦስት ሦስት ሆነው 12 ነጥብ ይይዛሉ፤ ለቀለበቱም አራት ነጥብ ይተርፋል። ስለዚህ አንድ ፊደል 16 በ16 ነው፤ 32 ባይት። ስክሪኑ 40 ዓምድና 30 መስመር ይኖረዋል፣ በድምሩ 1,200 ክፍል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ፤ እኔ ይህን ሒሳብ በጣም እወደዋለሁ። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትሙ የግዕዝን ፊደል ሲቀበል 384 ቦታ ያለው መደብ ሰጠው፤ 48 ረድፍ፣ በየረድፉ ስምንት ቦታ። በአብዛኞቹ ረድፎች የመጀመሪያዎቹ ሰባት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ናቸው። ቦታዎቹ ሁሉ አልተሞሉም፤ ነገር ግን ሥርዓቱን እንዳለ ብንወስደው ከዩኒኮድ ቁጥሩ ላይ መነሻውን በመቀነስ ብቻ የፊደሉ ቅርጽ አድራሻ ይገኛል፤ ሌላ ማመሳከሪያ ሠንጠረዥ አያስፈልግም። 384 በ32 ባይት 12,288 ባይት ነው። በ512 ሲካፈል ልክ 24 ክፍልፋይ። ለ1,200ዎቹ ክፍሎች ለእያንዳንዳቸው 16 ቢት ብንሰጥ 2,400 ባይት፣ አምስት ክፍልፋይ ይሆናል። ከ32ቱ 29 ሄደ፤ ሦስት ቀረን።

የቀረው ደግሞ የወላይትኛው ላቲን ነው። ላቲኑ በ8 ነጥብ ወርድ ስለሚበቃው አንዱ ፊደል 16 ባይት ነው። የአስኪ ሠንጠረዥ 128 ምልክት አለው፤ እንዳለ ብናስገባው አራት ክፍልፋይ ይጠይቃል፣ በአንድ ያልፈናል። ነገር ግን ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 32 የማይታዩ ትእዛዞች ስለሆኑ ቅርጽ አያስፈልጋቸውም። እነርሱን ስንተው 96 ምልክት፣ 1,536 ባይት፣ ልክ ሦስት ክፍልፋይ። ሠላሳ ሁለቱም ሞሉ፤ አንድም አልተረፈ፣ አንድም አልጎደለ።

የ16 ቢቱ አከፋፈልም እንዲሁ ይሰምራል። አንዱ ቢት ክፍሉ የግዕዝ ነው ወይስ የላቲን የሚለውን ይናገራል። የግዕዝ ከሆነ ዘጠኝ ቢት ፊደሉን ይለያል፤ ከቀሩት ስድስት ሦስቱ የፊደሉን፣ ሦስቱ የመደቡን ቀለም ይመርጣሉ፤ ከሬዚስተሮቹ የሚወጡት ስምንቱ ቀለሞች እነዚሁ ናቸው። የላቲን ከሆነ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ፊደል ይገባል፤ ሰባት ሰባት ቢት ለሁለቱ፣ የሚተርፈው አንድ ቢት ደግሞ ጥቁርና ነጩን ለመገልበጥ። አማርኛው በመስመር 40 ፊደል፣ ወላይትኛው 80 ፊደል ያገኛል። በወላይትኛ አናባቢም ተነባቢም እየተደገመ ስለሚጻፍ ቃላቱ ይረዝማሉ፤ 80 ዓምድ መኖሩ ለእርሱም መልካም ነው።

ድክመቱንም ልናገር። ሜሞሪው ጥግ ድረስ ስለሞላ በዚያው ቺፕ ውስጥ ፕሮሰሰር ማስገባት አይቻልም፤ ጽሑፉን ከሌላ ቺፕ በሁለት ሽቦ መቀበል ይኖርበታል። ከዚያም በላይ ቅርጾቹን በነጥብ የሚስል ሰው ያስፈልጋል፤ 16 በ16 ውስጥ ፀ ከጸ፣ ዐ ከፀ ተለይተው እንዲታዩ ማድረግ የመሐንዲስ ሥራ ብቻ አይደለም። የቁም ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው ከኢንጂነሪንግ ተማሪው ጎን ቢቀመጥ ውጤቱ ሌላ ነው።

እስካሁን የተነጋገርነው ትንሹን የግራፊክስ ሃርድዌር ነው። ትልቁስ? እዚያ ላይ ታሪኩ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2004 ቲሞቲ ሚለር የተባለ አሜሪካዊ ኦፕን ግራፊክስ ፕሮጀክት የተባለውን ሥራ ጀመረ። በወቅቱ የካርድ አምራቾች የቺፖቻቸውን አሠራር ስለሚደብቁ የሊኑክስ ተጠቃሚ ድራይቨር አጥቶ ይቸገር ነበር። የሚለር ሐሳብ ንድፉም ሰነዱም ክፍት የሆነ ካርድ መሥራት ነበር። ኦጂዲ1 የተባለ ቦርድ ተሠራ፤ ዛይሊንክስ ስፓርታን 3 ኤፍፒጂኤና 256 ሜጋባይት ሜሞሪ ነበረው፤ ዋጋው ግን 1,500 ዶላር ነበር። በዚያ ገንዘብ ከሱቅ ብዙ እጥፍ የሚፈጥን ካርድ ይገዛል። በ2007 ደግሞ ኤኤምዲ የቺፖቹን ሰነድ ለነፃ ድራይቨር ጸሐፊዎች እንደሚለቅ አስታወቀ። ሰው ወደ ፕሮጀክቱ የመጣበት ዋናው ረሃብ በዚያ ተቃለለ። ሥራው ወደ እውነተኛ ቺፕ ሳይደርስ ቀዘቀዘ። ሰዎቹ ችሎታ አጥተው አልነበረም፤ የመረጡት ውድድር በየዓመቱ ከሚሮጥ ኢንዱስትሪ ጋር ስለነበረ ነው።

የዛሬው ግራፊክስ ቺፕ እንደ ደቦ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ የስሌት ክፍሎች አንድ ትእዛዝ ተቀብለው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ነጥብ ያርሳሉ። ሰው መጨመር አይከብድም፤ ለዚያ ሁሉ ሰው ምሳ በሰዓቱ ማድረስ ግን ይከብዳል፤ ምሳው ሜሞሪ ነው። የኤንቪዲያው አርቲኤክስ 4090 ከ76 ቢሊዮን በላይ ትራንዚስተር አለው፤ ከሜሞሪውም በሰከንድ አንድ ሺህ ጊጋባይት ገደማ ያነባል። ከክፍቶቹ ንድፎች ርቀው ከሄዱት አንዱ የጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ቮርቴክስ ነው፤ ሪስክ ፋይቭ በተባለው ክፍት የፕሮሰሰር ትእዛዝ ስብስብ ላይ የተመሠረተ ሲሆን በ2021 ባሳተሙት ጥናት በትልቅ የስትራቲክስ 10 ኤፍፒጂኤ ላይ 32 ኮር አድርገው በሰከንድ 25.6 ቢሊዮን ስሌት አግኝተዋል። የ4090 ከፍተኛ አቅም ከ82 ትሪሊዮን ይበልጣል። ልዩነቱ ከሦስት ሺህ እጥፍ በላይ ነው። ቮርቴክስ ግን ሊናቅ አይገባም፤ ሶዶ ያለ የማስተርስ ተማሪ የግራፊክስ ቺፕ ውስጡ ምን እንደሚመስል መስመር በመስመር እንዲያነብ የሚያስችለው እርሱ ነው። ኤንቪዲያ በ2022 የከፈተው የሊኑክስ ድራይቨሩን ክፍል ነው፤ የቺፑ ንድፍ እንደተዘጋ ነው።

የፓተንት ጉዳይ ብዙ ሰው ያስፈራል። ፓተንት ግን ከማመልከቻው ጀምሮ 20 ዓመት ገደማ ቆይቶ ይሞታል፤ ለብዙ ዓመታት ነፃ ሶፍትዌር ጸሐፊዎችን ያሳሰበው ኤስ3ቲሲ የተባለው የምስል መጭመቂያ ዘዴ በ2017 ነፃ ወጥቷል። የቪጂኤ ዘመን ዘዴዎችማ ከዚያ በፊት አብቅቶላቸዋል። ለፊደል ቺፓችን ስጋት አይሆንም።

ከኤፍፒጂኤ አልፎ የራስን ቺፕ ማሠራትስ? ይህ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ለዩኒቨርሲቲ እንኳ የማይታሰብ ነበር፤ ምክንያቱም ፋብሪካዎች የማምረቻ ደንባቸውን በምስጢር ውል ብቻ ይሰጡ ነበር። በ2020 ጉግልና ስካይዎተር የ130 ናኖሜትሩን ደንብ በነፃ ለቀቁ። ኢፋብለስ የተባለው ኩባንያ በዚያ ላይ የብዙ ሰው ንድፍ እየሰበሰበ ያሠራ ነበር፤ በ2025 መጀመሪያ ላይ ተዘጋ። ታይኒ ቴፕአውት የተባለው ሥራ ግን የጀርመኑን አይኤችፒ ክፍት የ130 ናኖሜትር ደንብ ይዞ ቀጠለ። ይህ ሥራ አንዱን ቺፕ በትንንሽ ቁራሾች ከፋፍሎ ለብዙ ተማሪዎች ያካፍላል፤ አንዱ ቁራሽ 160 በ100 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሺህ ያህል የሎጂክ በር ይይዛል። በ2024 በቪጂኤ ሥዕል የሚያወጡ ንድፎችን አወዳድረዋል፤ በኢንተርኔት ገጻቸው ላይም ንድፍ እየጻፉ ሥዕሉን ወዲያው ማየት ይቻላል።

የእኛ ንድፍ ግን እንዳለ እዚያ ቁራሽ ውስጥ አይገባም። በኤፍፒጂኤ ውስጥ ሜሞሪው ተሠርቶ የተቀመጠ ስለሆነ ርካሽ ነው፤ በቁራሹ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ቢት ራሱን የቻለ ሰርኪዩት ሆኖ መገንባት ስላለበት ቦታ ይጨርሳል። ስለዚህ የፊደሉ ቅርጽ ውጪ ባለ ፍላሽ ሜሞሪ ላይ ይቀመጣል። አንድ የግዕዝ ፊደል 16 ነጥብ ወርድ ስላለው ቀጣዩን ቅርጽ ለማምጣት 16 ምት አለን። በአራት ሽቦ ስናነብ አድራሻው ስድስት ምት፣ መረጃው አራት ምት ይወስዳል፤ ለፍላሹ መዘጋጃ የሚቀረው ስድስት ብቻ ነው፤ የቀጣዩ ክፍል ፊደልም ከዚሁ ጊዜ ላይ መነበብ አለበት። ይጠብባል። መፍትሔው ፍላሹን በእጥፍ ፍጥነት ማስኬድ ነው ወይም የሚታየውን ጽሑፍ ማሳነስ፤ ይህን መወሰን የንድፍ ሥራ ዋናው ትምህርት ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ የቦርዶቹ ዋጋ ራሱ አያስደነግጥም። ታንግ ናኖ 9ኬ የተባለው የቻይና ኤፍፒጂኤ ቦርድ ኤችዲኤምአይ ሶኬት ጭምር አለው፤ ዋጋው ከሃያ ዶላር ብዙም አይርቅም። የሚያስቸግረው ዶላሩ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከመቶ በላይ ወጥቷል፤ ከውጭ በካርድ መክፈልም ለተማሪ ቀላል አይደለም። በእኔ አስተያየት ቦርዱን ተማሪው በግሉ እንዲገዛ ከመጠበቅ ትምህርት ክፍሉ አሥር ቦርድ በአንድ ጊዜ ገዝቶ ላብ ውስጥ ማስቀመጥ አለበት። ቦርዱ እስኪመጣም ሥራ አይቆምም፤ ቬሪሌተር የተባለው ነፃ ፕሮግራም ንድፉን ላፕቶፕ ላይ አስመስሎ ያስኬዳል፤ የሚወጣውን ሥዕል ነጥብ በነጥብ ፋይል ላይ ጽፎ ማየት ይቻላል። የተሳሳተ ቆጣሪ እዚያ ላይ ቢያዝ ኪሳራው የአንድ ከሰዓት ጊዜ ብቻ ነው፤ ቺፑ ከተመረተ በኋላ ቢታወቅ ግን የወራት ጥበቃ ከንቱ ይሆናል። በዓለም ላይ ባሉ ትልልቅ የቺፕ ኩባንያዎችም የንድፍ ጊዜው ትልቅ ድርሻ የሚሄደው በዚህ ማረጋገጫ ላይ ነው። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲገመገም “ሠርቷል ወይስ አልሠራም” ከማለት ይልቅ “በምን አረጋገጣችሁ” ተብሎ ቢጠየቅ ብዙ ነገር ይለወጣል።

የመጨረሻው ጉዳይ ውርስ ነው። አንድ ባች የሠራውን ቀጣዩ ባች ካላገኘው ሁሉም ከሁለቱ ቆጣሪዎች ይጀምራል፤ ማንም 16 በ16ቱ ላይ አይደርስም። የአውሮፓው የፊዚክስ ማዕከል ሰርን እ.ኤ.አ. በ2020 ያደሰው የክፍት ሃርድዌር ፈቃድ ለዚህ የተዘጋጀ ነው። ጠንካራው ዓይነቱ ንድፉን አሻሽሎ ምርት የሚያወጣ ሁሉ ማሻሻያውን እንዲከፍት ያስገድዳል፤ ልሉ ዓይነት ግን ስሙ ይጠቀስ እንጂ ሌላ ግዴታ አይጥልም። ለቅርጽ ሠንጠረዡ ልሉን እመርጣለሁ፤ የ384ቱ ቦታ ቅርጾች ጎንደርም፣ አስመራም፣ ሐዋሳም ያለ ሰው በማንኛውም መሣሪያ ላይ ያለ ጭንቀት ሊጭናቸው ይገባል። ለሰርኪዩቱ ግን ጠንካራው ይሻላል። የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ከፋይሉ ጋር ሦስት ነገር አብሮ ማግኘት አለበት፦ ንድፉ የተፈተነበትን ፕሮግራም፣ የ32ቱን ክፍልፋዮች አደላደል የሚያሳይ ሠንጠረዥ፣ እንዲሁም የትኛው ፊደል ገና በደንብ እንዳልተነበበ የሚናገር ዝርዝር።